የመንግሥት የምርምር ድጋፍ፦ ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል

ለቸኮለ ሰው ውጤቱን ከመጀመሪያው ልንገር። ሁለት ተኩል ነው። ሠራተኞቹ አራት፣ ገምጋሚዎቹ አራት ተኩል ይገባቸዋል። ግዥው አንድ። የበጀት ካላንደሩ ከዜሮ በታች የሚሰጥ ነገር ካለ እሱን ይውሰድ። ጊዜ ያለው ይቀጥል፤ በተለይ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮፖዛል ልታስገቡ ያሰባችሁ ወጣት መምህራን፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

የምገመግመው መንግሥት ለዩኒቨርሲቲና ለምርምር ተቋም ሰዎች አወዳድሮ የሚሰጠውን የምርምር ገንዘብ ነው። ከጥሪው ጀምሮ ሒሳብ እስከማወራረድ ያለውን አገልግሎት በሙሉ። እኔ የስንዴ ዋግ ላይ፣ ማለትም ስንዴን የሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ ላይ ነው የምሠራው። ላብራቶሪያችን መሀል አዲስ አበባ ነው፣ ናሙናው ግን ከአርሲና ከባሌ ነው የሚመጣው። በዚህ ገንዘብ ከአንድ በላይ ፕሮጀክት ሠርቻለሁ። ያለፍኩባቸውን ቢሮዎች ስም አልጠራም፤ አንዱ ጋ ያለው ጣጣ ሌላውም ጋ ስላለ ስም መጥራቱ ጥቅም የለውም።

ከጥሩው ልጀምር። ማመልከቻው አሁን በኢንተርኔት ነው የሚገባው። ድሮ ፕሮፖዛሉን በሦስት ኮፒ አሳትመን፣ አስጠርዘን፣ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ተሸክመን ወርደን መዝገብ ቤት ነበር የምናስገባው። መዝገብ ቤቷ ምሳ ወጥታ ከሆነ ደግሞ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን መጠበቅ ነው። ያ ቀርቷል። ሰነድ የሚያጣሩት ልጆች ስልክ ያነሳሉ። የጎደለ ነገር ካለ ደውለው ይነግሯችኋል እንጂ ዝም ብለው አይጥሉባችሁም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ መንግሥት ቤት የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል።

ገምጋሚዎቹ ደግሞ በእውነት ያነባሉ። አንድ ባልደረባዬ የናሙና ዕቅዱን አስገብቶ፣ ገምጋሚው "ሁሉም ማሳ አስፋልት ዳር ከሆነ ጥናትህ ስለ አስፋልት ዳር ነው፣ ስለ ወረዳው አይደለም" ብሎ መልሶለታል። ቆንጆ አስተያየት ነው። ለዚህ ሥራ የሚከፈላቸው ከታክሲ ብዙም አያልፍም፣ ግን ሌሊት ቁጭ ብለው አንብበው እንደጻፉት ያስታውቃል። አራት ተኩል የሰጠሁት ለዚህ ነው። ግማሿን የቀነስኩት አንዳንዱ ገምጋሚ የራሱን ጽሑፍ ጥቀስ ስለሚል ነው።

ነገር የሚጀምረው ቅጹ ላይ ነው። "ችግር ፈቺ መሆኑን ያብራሩ" ይላል። እሺ፣ ዋግ ችግር ነው፣ እናብራራለን። ቀጥሎ ውጤታችሁን በሩብ ዓመት ከፋፍላችሁ፣ በመቶኛ እንድትጽፉ ይጠይቃል። በአንደኛው ሩብ ዓመት ስንት በመቶ፣ በሁለተኛው ስንት። የማታውቁትን ነገር ልታውቁ ነው የምትሄዱት፣ ቅጹ ደግሞ መቼ ስንት በመቶ እንደምታውቁ አስቀድማችሁ ንገሩኝ ይላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ነገር በየጓሮው መኖሩ የታወቀው ከዚያ ተነስቶ ነው። በፈረንጆቹ 1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። እስቲ ያንን በየትኛው ሩብ ዓመት ትጽፉታላችሁ? በስንት በመቶ?

ፖሊሲው ራሱ መጥፎ አይደለም። አንብቡት። አገሪቱ የመጀመሪያውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ያወጣችው በእኛ አቆጣጠር በ1986 ነው። በ2004 ኢኖቬሽን ተጨምሮበት በአዲስ ወጣ። እዚያ ላይ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶው በየዓመቱ ለዘርፉ እንዲመደብ ተጽፏል። የአፍሪካ አገሮችም በ2006 በፈረንጆች ካርቱም ላይ ለምርምር 1 በመቶ እናወጣለን ተባብለው ነበር። ዩኔስኮ በሚሰበስበው መረጃ ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2013 ለምርምር ያወጣችው 0.61 በመቶ ደርሶ ነበር። ያኔ እየሄድን ነው ብለን ደስ አለን። በፈረንጆቹ 2017 ግን 0.27 ላይ ቁጭ አለ። ጎረቤት ኬንያ በፈረንጆቹ 2013 ሕጓ ላይ 2 በመቶ ብላ ጽፋለች፤ እሷም ጋ ሕጉና ካዝናው አይተዋወቁም፣ ስለዚህ ብቻችንን አይደለንም።

ገንዘቡ ትንሽ ነው ማለት ነው። የእኔ ዋና ቅሬታ ግን መጠኑ ላይ አይደለም። ትንሽም ብትሆን በሰዓቷ ብትመጣ ብዙ ትሠራለች።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ወረቀቱን ካያችሁ ሐምሌ ላይ ገንዘብ አለ። በተግባር ግን በጀቱ ተደልድሎ፣ የሥራ ዕቅዱ ጸድቆ፣ የበጀት ኮዱ ተከፍቶ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ ደብዳቤው ከአንዱ ቢሮ ወጪ ሆኖ ሌላው ቢሮ ገቢ እስኪሆን ኅዳር ይገባል፤ አንዳንዴ ጥር። ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ ሒሳብ ክፍሉ "መዝጊያ ደርሷል" ማለት ይጀምራል፣ ግዥ ክፍሉም አዲስ ጥያቄ አይቀበልም። ሥራ ላይ ያልዋለው ሰኔ 30 ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። እንግዲህ የአንድ ዓመት ፕሮጀክት የተባለው ነገር ስንት ወር እንደሚኖር እናንተው ቁጠሩት።

አሁን ዋጉን እዩ። ስንዴው የሚዘራው ሰኔና ሐምሌ ነው። ዋጉ ከነሐሴ ጀምሮ መታየት ይጀምራል። መስከረምና ጥቅምት ማሳ ውስጥ ካልተገኛችሁ፣ በኋላ ብትሄዱ የምታገኙት የደረቀ አገዳ ነው። ገንዘቡ የሌለባቸው ወራትና ዋጉ ያለባቸው ወራት ልክክ ብለው አንድ ናቸው። ሆን ተብሎ ቢሠራ እንኳን እንዲህ አይገጥምም። የመኸር ሰብል ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ ዕጣው ይሄው ነው።

"አንድ ዓመት ቢያልፍህስ ምን ትሆናለህ?" የሚለኝ አለ። ለእሱ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ታሪክ ልንገረው። በፈረንጆቹ 2010 መኸር ቢጫ ዋግ ተነስቶ ኩብሳና ጋላማ የሚባሉትን በሰፊው የሚዘሩ ዝርያዎች መታቸው። ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር፣ ያኔ ዓለምን ያስጨነቀውን ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። ሰው እፎይ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2013 መገባደጃ፣ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት መጣና ባሌ ላይ ዲገሉን አጨደው። ዩጂ99 አልነበረም። ሌላ ነው፣ ዲገሉ የማያውቀው። እንግዲህ ዋግ እንዲህ ነው። ማሳው ውስጥ የትኛው ዓይነት እንዳለ በየዓመቱ፣ ሳይቋረጥ ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ መኸር ዘለላችሁ ማለት ጠላት የገባበትን ዓመት አላያችሁም ማለት ነው። ነፋስ ላይ የሚሄድ ነገር ውል እስኪፈረም አይጠብቅም።

በነገራችን ላይ በዚህ ረገድ ጥሩ ነገርም አለ። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከሲሚት (ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል)፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይሠራል። ነፋሱ ስፖሩን፣ ማለትም የዋጉን ዘር፣ ወዴት እንደሚወስደው ተተንብዮ መረጃው ወደ ግብርና ባለሙያዎች ይወርዳል። በዓለም ደረጃ የሚወራለት ሥራ ነው። ግን ገንዘቡ ላይ የውጭ ለጋሽ እጅ ትልቅ ነው፤ ለጋሽ ደግሞ አንድ ቀን ይሄዳል። የራሳችን ገንዘብ ያንን ክፍተት መሸፈን ሲገባው ጥቅምት ላይ አይገኝም።

ግዥውን አሁን ላውራ። ፊርማ ላይ የደረሳችሁ ሰዎች እዚህ ጋ ነው ፍዳችሁን የምታዩት።

ሕጉ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት አቅራቢ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይላል። ልክ ነው፣ ሌብነትን ለመከላከል ነው። ግን እኔ የምፈልገውን ኪት (የላብራቶሪ መመርመሪያ ዕቃ) የሚሠራው ፋብሪካ በዓለም ላይ አንድ ነው። "ሁለት ሌላ አምጣ" ይሉኛል። ከየት? መጨረሻ ላይ አስመጪው ራሱ ሦስቱንም ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ ዋጋቸው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ማህተማቸው የተለያየ፣ የፊደል ስህተታቸው ግን አንድ ዓይነት። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይፈርማል። አንድ አቅራቢ ብቻ ካለ በልዩ ሁኔታ ለመግዛት የሚያስችል አንቀጽ ሕጉ ውስጥ አለ፣ ግን እሱን ተጠቅሞ ለመፈረም የሚደፍር ኃላፊ ማግኘት ከኪቱ ይከብዳል። ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነዋ።

ዕቃው ሲመጣ ደግሞ ንብረት ክፍል አለ። ፕራይመር፣ ማለትም ለዲኤንኤ ምርመራ የምንጠቀምባቸውን አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች፣ አስመጥተን ነበር። ትንንሽ የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህሉ። ውስጣቸው የደረቀ ዲኤንኤ አለ፤ ከማነሱ የተነሳ በዓይን አይታይም። የንብረት ክፍሉ ጋሼ አንዷን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት። ገለበጧት። ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቋት።

"ልጄ፣ ይሄ ባዶ ነው" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ አለ። አይታይም እንጂ።"

"የማይታይ ዕቃ ነው ሞዴል 19 የምቆርጥለት? ኦዲተር መጥቶ አሳዩኝ ቢለኝ ምን ልበለው?"

ሞዴል 19 ዕቃ ገቢ ሲሆን የሚቆረጠው ደረሰኝ ነው። ከዚያ መለኪያው ፍሬ ነው ኪሎ ነው የሚለው ላይ ተከራከርን። ሲስተሙ ናኖሞል የሚል፣ ፕራይመር የሚለካበት መለኪያ የለውም። በመጨረሻ "ፕላስቲክ ቱቦ፣ ከነክዳኑ፣ በፍሬ" ተብሎ ተመዘገበ። በመንግሥት መዝገብ ላይ እኔ ዲኤንኤ ገዝቼ አላውቅም፣ ቱቦ ነው የገዛሁት፤ ለዚያውም ውድ ቱቦ።

ጋሼ ጥፋት የለባቸውም፣ እንዲያውም ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጥፋቱ ያለው ወንበር፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀትና ጎማ ለመቁጠር የተሠራ አሠራር እንዳለ ላብራቶሪ ውስጥ መግባቱ ላይ ነው። ወንበር መጋዘን ውስጥ ሳምንት ቢያድር ወንበር ነው። ኢንዛይም ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ካልተቀመጠ አለቀለት። አንድ ጊዜ አንድ ወረቀት ጎድሎት ዕቃችን ቅዳሜና እሁድን መጋዘን አደረ። ሰኞ ስንከፍተው በረዶው ቀልጦ ካርቶኑ ረጥቧል። ዕቃው ግን በወረቀት ደረጃ ሙሉ ነው፤ ተቆጥሮ ገባ፣ ሞዴሉ ተቆረጠ፣ ክፍያው ተፈጸመ። አልሠራ ያለው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ያ ደግሞ ቅጽ የለውም።

ብሩ ላይ የደረሰውንም አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት በብር በጀት የጸደቀለት ሰው ሪኤጀንቱ (የላብራቶሪ ኬሚካሉ) ሙሉ በሙሉ የውጭ ነው፣ በጀቱ ግን ያው ነው። ከኅዳር በፊት የማይለቀቅ ገንዘብ ደግሞ በዚህ ላይ ተጨማሪ ዋጋ ያስከፍላል። የማስተካከያ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። አቅርቡ። ግን እሱን እየጠበቃችሁ ናሙናውን አታስቀምጡ።

ማወራረድ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ናሙና ፍለጋ ለወጣ ሰው ማሳ ድረስ የመራን ልጅ፣ መኪና ሲይዘን በበሬ ያወጣን ገበሬ፣ ለእነሱ የከፈልነው ሁሉ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ይጠየቅበታል። ገበሬው ጋ ካሽ ሬጅስተር የለም። በቀበሌ ማህተም የተረጋገጠ ወረቀት የሚቀበል ሒሳብ ሹም አለ፣ የማይቀበልም አለ። ከመውጣታችሁ በፊት የእናንተው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ካልሆነ ከደመወዛችሁ ነው።

የቢሮዎቹ ስም መቀያየርም ዋጋ አለው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን በእኛ አቆጣጠር በ1968 ተቋቋመ። በኋላ ኤጀንሲ ሆነ። በ2001 ሚኒስቴር ሆነ። በ2011 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የሚባል ሌላ ተፈጠረ፣ የነበረው ደግሞ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ተባለ። በ2014 ያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ፈርሶ ከፍተኛ ትምህርት ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፣ እሱን አልከራከርም። ከተጠቃሚ ጎን ሲታይ ግን የሦስት ዓመት ሥራ የጀመረ ሰው መሀል ላይ የጻፈለት ቢሮ ስሙ ይቀየራል፣ የመደበለት ባለሙያ ይዛወራል፣ ፋይሉ ካርቶን ውስጥ ይገባና "የትኛው ዳይሬክቶሬት ጋ ነበር ያልከኝ?" ይባላል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አዲሱ ሰው ደግ ነው፣ ይሰማችኋል፣ ግን ከዜሮ ነው የምታስረዱት።

አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይናደዳል፣ እኔ አልናደድም። ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ የሚጠየቀው የስምምነት ሰነድ ነው። ብዙ ፊርማ አለው፣ ጥያቄው ይበዛል፣ ሕጉ አይገባንም ብለው የሚያማርሩ ባልደረቦች አሉ። ጤፍን አስታውሱ። በፈረንጆቹ 2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ፣ ጥቅሙን እንካፈላለን ተባለ። በ2007 የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ወጣ፣ የያዘው ደግሞ ያው ኩባንያ ነው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ነገር ከምንም አይቆጠርም። ፓተንቱ ኔዘርላንድ ውስጥ በፍርድ ቤት እንዳልነበረ የተቆጠረው በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ "ምርመራው ሲያልቅ የቀረው ናሙና ምን ይሆናል? ውጤቱ ላይ የማን ስም ይገባል?" ብላ ወጥራ የያዘችኝን ባለሙያ ምን ብዬ ልቆጣት? እንዲያውም እሷ የጠየቀችኝን ጥያቄ ይዤ ለውጭዎቹ አጋሮች ጻፍኩላቸው፣ ተማሪዬ ሄዳ ትንተናውን እዚያው ተምራ እንድትመለስ ተስማሙ። ይሄ ክፍል ቢዘገይም ሥራውን የሚያውቅ ነው። ኮከቡ ከአንድ ተኩል ወደ ሁለት ተኩል የወጣው በእሱ ነው።

አራት ኮከብ እንድሰጥ ምን ይሁን? ፖሊሲ እንደገና ይጻፍ አልልም። የምርምር ገንዘብ ሰኔ 30 አይሙት፣ ውሉ የሦስት ዓመት ከሆነ ገንዘቡም ሦስት ዓመት ይኑር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በእኛ አቆጣጠር በ2015 ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎችም እየተከተሉ ነው፤ ራስ ገዝነት ለእኔ መጀመሪያ መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ለላብራቶሪ ኬሚካል ብቻ የሆነ የግዥ መንገድ ይከፈት። ግዥው በኤሌክትሮኒክ መሆኑ ጥሩ ጅምር ነው፣ ግን ሦስት ፕሮፎርማ በኮምፒውተርም ሦስት ፕሮፎርማ ነው።

ለአዲስ አመልካቾች። ዘንድሮ ጥሪው ሲወጣ አስገቡ፣ አትተዉት፤ ለጀማሪ ስም የሚያወጣ ሌላ ገንዘብ አገር ውስጥ ብዙ የለም። የመስክ ሥራችሁን በመጀመሪያው ዓመት ዕቅድ ላይ ከጥር በኋላ አድርጋችሁ ጻፉ፣ መኸር የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ነዳጁን የሚሸፍን ሌላ ፕሮጀክት ያለው ባልደረባ ፈልጉ። የግዥ ዝርዝራችሁን ውል በፈረማችሁ ሳምንት አስገቡ። ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን "በምን የሙቀት መጠን ይቀመጣል" የሚል መስመር ጨምሩ፣ በአማርኛ፣ በትልቁ። ንብረት ክፍል ስትሄዱ ፕራይመሩን ብቻውን አትውሰዱ፣ ካታሎጉን ከነፎቶው ያዙ። የሁሉንም ደብዳቤ ኮፒ ከነፕሮቶኮል ቁጥሩ እናንተው ጋ አስቀምጡ። ሒሳብ ክፍል ደግሞ ሰኔ ላይ አትሂዱ፣ ሰው እንደ ሰው የሚያዩት እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው።